በመስኮቱ በኩል ያለችው ጉበት

ሳንባ ብላ ቀይራዋለች እኮ፣ በጻፈችው ገጽ ላይ ጉበቱን ሳንባ አድርጋዋለች፣ ወንዱን ሴት፣ የመኪና መንዳት አስተማሪውን ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር፣ መስኮቱን እንኳ ነቅላ በር ተክላበታለች፣ ታዲያ ማን ያውቀዋል፣ ማንም አያውቀውም፣ ማንም፣ ድምፁ ግን፣ ያ ድምፅ፣ አሁን በአጠገቧ አልፎ ስብሰባው ክፍል የገባው ሰውዬ ድምፅ፣ ምነው እዚህ ተገትራችሁ በሩን ዘጋችሁት ብሎ እሷንና ጸሐፊዋን የገላመጠው፣ እሱ ነው። ከአልጋው ግርጌ የሚቆመው። ባሏን ነገ ጠዋት የሚከፍተው። ወይ ጉዴ።

ግድግዳውን ትደገፋለች፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ እስከ ትከሻ አረንጓዴ ከዚያ በላይ ነጭ፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር ሁሉ ለምን እንዲህ እንደሚቀባ አንድ ቀን ትጠይቃለች፣ አሁን አይደለም። ሰውዬውን በየጊዜው አይታዋለች፣ ግን በማስክና በኮፍያ፣ ዓይንና ቅንድብ ብቻ፣ ዛሬ በክራባት መጣ፣ ራሰ በራ ነው ለካ። ኮርሷን የሚያጸድቀውን ኮሚቴ አባላት ዝርዝር ሲልኩላት የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የሚለውን አንብባ አልፋዋለች፣ ከዚያ አልጋ ጋር ማገናኘት እንዴት አልመጣላትም፣ እንዴት ይመጣላታል፣ ስሙን ጠይቃው አታውቅማ። ይሄ ይሳቅበታል ወይስ ይለቀስበታል፣ ለሕክምና ተማሪዎች ያዘጋጀችው ኮርስ የመጀመሪያ ሕግ ስም ጠይቁ የሚል ነው፣ እሷ ግን በባሏ ሆድ ላይ ምላጭ የሚያሳርፈውን ሰው ስም አታውቅም፣ ዶክተሩ ነው የምትለው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዶክተሩ ነው የሚለው፣ ጠይቃው ቢቆጣስ።

ጥያቄ አታብዢ ብላታለች የባሏ እህት፣ ዛሬ ጠዋት በስልክ፣ ስሚኝ የኔ እህት፣ እነዚህ ሰዎች ጥያቄ ሲበዛባቸው ይከፋቸዋል፣ የከፋው ሰው ደግሞ ምላጭ ይዞ፣ አንቺው አስቢው። የባሏ እህት እንዲህ ናት፣ ለነርሶቹ ብርቱካን ትወስዳለች፣ ለጽዳቷ ብርቱካን፣ ለበሩ ጥበቃ ብርቱካን፣ ለሰውዬው ብቻ ብርቱካን መስጠት ፈርታ ከሩቅ እጅ ትነሳለች። ሳቀችባት ስልኩን ዘግታ። ሳቀችባት። አሁን ብርቱካን ቢኖራት እሷም ይዛ ትገባ ነበር።

ሥራው ሲጀመር የሚያስፈራ አልነበረም፣ ሥራው ሲጀመር ቀልድ ነበር፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲን ራሱ ደውሎ ጠራት፣ እሷን፣ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪዋን፣ መርፌ ስታይ የሚያጥወለውላትን፣ ዶክተር ሆነች ሲባል ጎረቤት ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ የመጣባትን። ልጆቻችን አንደኛ ዓመት ገብተው አጥንት ይቆጥራሉ፣ ነርቭ ይቆጥራሉ፣ ዋርድ ሲገቡ ግን ሰው ማናገር አያውቁም፣ በሽተኛው እኛን ነው የሚወቅሰን፣ እባክዎ የሚያነቡት ታሪክ፣ የሚያዩት ሥዕል፣ ትንሽ ፍልስፍና ያለበት ኮርስ ይሥሩልን፣ ሰው የሚያደርጋቸው። ሰው የሚያደርጋቸው፣ በሦስት ክሬዲት። ሳቀች፣ ከዚያ ተቀምጣ ሠራችው። የወረርሽኝ ታሪክ አስገባች፣ የጥንት ሐኪሞች የሳሉትን የሰውነት ሥዕል አስገባች፣ ሐኪም ለበሽተኛው መዋሸት ይችላል ወይ የሚል ክርክር አስገባች፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን እጇ ደረቀ፣ ምን አንብባላቸው ትጀምር፣ ያነሳችው ሁሉ የትምህርት ቤት ይሆንባታል። በዚያው ሰሞን ነው ባሏ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የተኛው። በዚያው ሰሞን ነው ሰውዬው መጥቶ ከግርጌ ቆሞ፣ ተለማማጅ ሐኪሞቹን እንደ ጫጩት ሰብስቦ፣ የባሏን ፊት ሳይሆን ሆዱን እያየ፣ ይቺን ጉበት ከፍተን ስናያት ይለይላታል ያለው። ይለይላታል። ይሰማል እኮ፣ የታመመችው ጉበቱ ናት እንጂ ጆሮው አይደለም።

በማግስቱ ጻፈችው፣ አንድ ገጽ፣ አልጋ አጠገብ ብላ፣ ከሥሩ ጥያቄ አደረገችበት፣ የሚናገረው ማነው፣ የሚነገርበት ማነው፣ ዝም ያለውስ ማነው፣ ለምን ዝም አለ። ሁሉን ለወጠች፣ ያቺን አረፍተ ነገር ግን መለወጥ አቃታት። ዕድሜዋን ሙሉ ተማሪዎቿን፣ ሰው የተናገረውን አታሳምሩት፣ እንዳለው ተዉት፣ ስትል የኖረች ሴት፣ ያን የመሰለ ንግግር አግኝታ እንዴት ብላ ትጥለው። ሞክራ ነበር፣ ቀዶ ሕክምናው ያሳየናል ብላ ጻፈች፣ በሂደት እንደርስበታለን ብላ ጻፈች፣ ሁሉም የወረቀት ሐኪም ሆነባት፣ ሰርዛ ሰርዛ ቃሉን ከነትንፋሹ መለሰችው። ይቺን ሳንባ ከፍተን ስናያት ይለይላታል። እንደውም ደስ አላት፣ እግዜር ይቅር ይበላት ደስ አላት፣ ይቺ አረፍተ ነገር ቁጭ አለች አለች ለራሷ። አየሽ ድርቅናሽን። ጉበቱን ሳንባ ስላልሽው የገዛ አፉን የሚረሳ መሰለሽ።

ገጹ አሁን ውስጥ ነው፣ ጸሐፊዋ በየወንበሩ ፊት ከውሃ ጠርሙስ ጋር አስቀምጣዋለች፣ ገብታ ብትሰበስበውስ፣ ስሕተት ተገኝቶበታል ይቅርታ ብትልስ፣ ደግሞ እኮ ማንበብ ይወዳሉ እነዚህ ሰዎች፣ ሲቀመጡ መጀመሪያ ወረቀት ነው የሚያነሱት፣ በዚህ ደቂቃ መነጽሩን አድርጎ፣ ወይኔ፣ በዚህ ደቂቃ ቅንድቡ ከፍ ብሎ፣ ይሄ የኔ አነጋገር አይደለም እንዴ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት፣ የማን ሚስት ናት፣ አሃ።

ባሏ የሚያወራ ሰው ነው። አፉ አያርፍም፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ሲለፈልፍ ይውላል፣ ሲመሽ መጥቶ የዋለበትን ለሷ ይለፈልፋል፣ ማርሽ ፍለጋ አቀርቅራ መሪውን የለቀቀችውን ሴትዮ፣ መኪናውን ከማዞሩ በፊት ራሱ ከነትከሻው የሚዞረውን የባንክ ሠራተኛ፣ አንቺ ቲቸር ይላታል፣ ያንቺ ተማሪ ሲሳሳት ወረቀት ይበላሻል፣ የኔ ሲሳሳት እኔ ነኝ የምበላሸው። መኪናው በሱም በኩል ፍሬን አለው፣ የአስተማሪ ፍሬን፣ ከልምዱ ብዛት ታዲያ ሲፈራ ቀኝ እግሩ ራሱ ይረግጣል፣ ታክሲ ውስጥ ይረግጣል፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላው ወደ ጣቷ ጠጋ ካለ ጠረጴዛው ሥር ይረግጣል፣ ፍሬኑ ያዘልህ ትለዋለች፣ ለጥቂት ይላታል። አሁን ግን አልጋው ላይ፣ ሰውዬው ከግርጌ በቆመ ቁጥር፣ ያ ለፍላፊ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ተክሎ፣ አፉን ለጉሞ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ግን ያ እግር ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከሷ በቀር የሚያየው የለም። አይዝለትም። እና እሷስ፣ ዝም ያለው ማነው ብላ የጻፈችው ጎበዝ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ምን አለች፣ እናመሰግናለን ዶክተር አለች። ፈገግ ብላ።

ይግቡ ይሉዎታል ትላታለች ጸሐፊዋ።

ትገባለች። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ላይ ክው ክው የሚል ማራገቢያ፣ ዲኑ መሃል፣ በግራው ሜትረኗ፣ የነርሶች ሁሉ አለቃ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ዝምተኛ ሴት፣ ሌሎች ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች፣ ከጫፍ እሱ። ነጭ ገዋኑን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሏል፣ እጆቹ ገጹ ላይ ናቸው። እጆቹን ታያለች፣ ረጃጅም ጣቶች፣ ጥፍሩ እስከ ሥጋው የተከረከመ፣ አንዱ ጣት አልጋ አጠገብ የሚለው ርዕስ ላይ አርፏል፣ እነዚህ እጆች ነገ፣ አታስቢው፣ እነዚህ እጆች ነገ ጠዋት፣ ተይ አልኩሽ። ዲኑ ዶክተር እያለ ያስተዋውቃታል፣ እሷም ታወራለች፣ አፏ ያወራል፣ የኮርሱ ዓላማ፣ የኮርሱ ይዘት፣ የማስተማሪያው ዘዴ፣ ልጆቹ ያለ ገዋንና ያለ እስክሪብቶ በሽተኛ አጠገብ ተቀምጠው ስም ጠይቀው ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ክፍል ተመልሰው የሰሙትን ይናገራሉ።

ጥያቄ አለኝ ይላል እሱ። በቃ። መጣ። ልጆቹ የተሸከሙት የአናቶሚ መጽሐፍ ከራሳቸው ይከብዳል ይላል፣ ተረት የሚያነቡበት ጊዜ ከየት ታመጪላቸዋለሽ፣ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ ምን ታድርግ፣ እሱ ብቻ ነው አንቺ የሚላት፣ ይበላት፣ አንቺም ይበላት ሌላም ይበላት፣ ብቻ ያን ወረቀት። ወረቀቱን ያነሳዋል። ይቺን ግን ወድጃታለሁ ይላል። መነጽሩን ያስተካክልና ጮክ ብሎ ያነባል፣ በዚያ ድምፅ፣ ራሱ በራሱ ድምፅ፣ ይቺን ሳንባ ከፍተን ስናያት ይለይላታል፣ አንብቦ ሲያበቃ ወረቀቱን በጣቱ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ራሱን ይነቀንቃል፣ አሉ፣ እንደዚህ ያሉ ሐኪሞች አሉ፣ እኔን ያስተማሩኝ ሰውዬ ቁርጥ እንዲህ ነበሩ፣ በሽተኛው ፊት፣ ነውር እኮ ነው፣ ልጆቹ ከአሁኑ ይማሩት፣ እኔ እደግፋለሁ።

አላወቀውም። ራሱን አላወቀውም። ተመስገን፣ ተረፍሽ፣ ባልሽም ተረፈ፣ ግን እንዴት አላወቀውም፣ የገዛ ቃሉን በገዛ አፉ አንብቦ ያልሰማ ሰው ሌላ ምን አይሰማም፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉ ሰው ቢያንስ ያለውን ያውቃል፣ ይሄ ግን ደግ ነው፣ በደጉ ልቡ ነው ያ ሁሉ፣ ኧረ በፈጣሪ ዝም በይ፣ አልፎልሻል።

እንዲያውም ይላል፣ ሞቅ ብሎታል፣ እንዲያውም ለምን ዛሬ ከሰዓት ጥቂት ልጆች ይዘሽ አትመጪም፣ ለሙከራ፣ ለዚህ የሚሆን በሽተኛ ዋርዴ ውስጥ አለኝ። ወደ ሜትረኗ ይዞራል። በመስኮቱ በኩል ያለችውን ጉበት ስጧት፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው፣ አይጠይቅ፣ አያማርር፣ ነገ ከፍተን ስናያት ይለይላታል፣ ዛሬ ግን ለልጆቹ ይመቻል።

ማራገቢያው ክው ክው ይላል። የሜትረኗ እስክሪብቶ ቆሟል፣ ዓይኗ ወደ ገጹ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ወደ ሰውዬው ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ዲኑ የጠርሙሱን ክዳን ይከፍታል፣ ሳይጠጣ ይዘጋዋል። ሁሉም ሰምቷል። እሱ ብቻ ነው ያልሰማው፣ እሱ ፈገግ ብሎ እሷን ይጠብቃል፣ እናመሰግናለን ዶክተር እስክትል። አፏ ላይ አለች፣ እናመሰግናለን ዶክተር፣ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፣ በያት፣ ኮርሱ ጸድቋል፣ ባልሽ ነገ በደህና ይወጣል፣ እኔ እበልጥ አንቺ ትበልጪ የሚባልበት ሰው አይደለም፣ የከፋው ሰው ምላጭ ይዞ አንቺው አስቢው፣ አስቤዋለሁ እቴ፣ አስቤዋለሁ፣ ግን ከሰዓት ልጆቹ መጥተው አልጋውን ሊከቡት ነው፣ ጸጥ ያለውን ሰውዬ ሊያዩ፣ እሱም ኮርኒሱን እያየ፣ ያ እግር እየረገጠ፣ እሷም በአስተማሪነቷ ቆማ፣ ዝም ያለው ማነው ልጆች፣ ልትል ነው።

ጸጥ ያለ ሰው አይደለም ትላለች።

ምን አልሽ?

ሰውዬው ጸጥ ያለ አይደለም። ቤቱ ሲገባ አፉ አያርፍም። ፈርቶ ነው ዝም ያለው። እርስዎ መጥተው ሲቆሙ ብርድ ልብሱ ሥር በቀኝ እግሩ ፍሬን ይረግጣል፣ የመኪና አስተማሪ ነው፣ ሲፈራ እንደዚያ ነው፣ አይተውት አያውቁም።

አንቺ በምን አወቅሽው?

ባሌ ነው።

አሁን ያያታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ፊቷን የሚያየው፣ ያን ሁሉ ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያላያትን፣ እያየ ይቆያል፣ ከዚያ ወረቀቱን ያነሳል፣ አሁን ጮክ ብሎ አያነብም፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ አንዲት ቦታ ሲደርስ ከንፈሩ ይቆማል። የት እንደቆመ ታውቃለች። አንገቱ ከክራባቱ በላይ ይቀላል፣ እስከ ራሱ ይቀላል፣ ይጮህ፣ ምነው ቢጮህ፣ አይጮህም። ወረቀቱን ያጥፈዋል፣ እንደገና ያጥፈዋል፣ ኪሱ ይከተዋል፣ ገዋኑን ከወንበሩ ያነሳል፣ ይወጣል። በሩ በቀስታ ይዘጋል፣ በኃይል ቢዘጋው ይሻላት ነበር።

ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩን ይላል ዲኑ፣ ተቆጥቶም አይደለም፣ ደንግጦ። ምን ልበልዎ፣ አሁን ነው ያወቅኩት፣ ስሙን ጠይቄው አላውቅም፣ ይሄን ትል ይሆን አትል ይሆን አታውቅም። ሜትረኗ ማንም ሳይጠይቃት እጇን ታነሳለች፣ እኔ ኮርሱን ደግፌያለሁ ተብሎ ይመዝገብልኝ ትላለች፣ ሌላም እጅ ይነሳል፣ ሌላም፣ ጸድቋል መሰለኝ፣ ይጽደቅ፣ ገደል ይግባ፣ ይቅርታ ብላ ወንበሩን ገፍታ ወጥታለች።

ምን አደረግሽ፣ ምን አደረግሽ፣ ለአንዲት አረፍተ ነገር ብለሽ፣ ደረጃውን ትወርዳለች፣ ሊፍቱ በሽተኛ ጭኖ ነው፣ አይጠበቅም፣ ደረጃው የወለል መድኃኒት ይሸታል፣ ቀዶ ሕክምናውን ቢሰርዘውስ፣ ከቤተሰቡ ጋር ግጭት አለኝ ብሎ ለጀማሪ ቢያስተላልፈውስ፣ ባያስተላልፈውስ፣ ራሱ ገብቶ እጁ ቢንቀጠቀጥስ፣ ንዴት እኮ እጅ ላይ ነው የሚወጣው፣ ለባሏ እህት ምን ትላታለች፣ ስሚኝ የኔ እህት፣ ወንድምሽን አንድ ገጽ ላይ ጽፌው ነበር፣ አፈር ያስበላኝ፣ እናመሰግናለን ዶክተር ማለት ምን ነበረበት፣ ሁለት ቃል፣ ስትለው ኖራ የለም ወይ። ጫማዋ ያዳልጣታል፣ ብረቱን ትይዛለች። አሁን ዋርድ ገብቶ አልጋው ላይ ይጮህበት ይሆናል፣ ሚስትህ እንዲህ አለችኝ ብሎ፣ ባሏም ኮርኒሱን እያየ፣ ምንም ያላደረገው፣ ምንም የማያውቀው። ሮጣ ባትደርስስ።

የዋርዱ በር ላይ ያለችው መስታወት ጠባብ ናት፣ ፊቷን ትለጥፍባታለች፣ ትንፋሿ ይሸፍናታል፣ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች። ሰውዬው እዚያ ነው። ከግርጌ አይደለም፣ በራስጌው በኩል ቆሟል፣ ብቻውን፣ ጫጩቶቹ የሉም፣ ገዋኑን እንኳ አልለበሰውም፣ ክንዱ ላይ አጥፎ ይዞታል። አንድ ነገር ይላል። አጭር ነገር ነው፣ አይሰማም፣ ሁለት ቃል ቢሆን ነው። ባሏ ዓይኑን ከኮርኒሱ ያወርዳል። ሰውዬውን ያያል፣ ወደ በሩ ያያል፣ እሷን አላያትም፣ ተመልሶ ሰውዬውን ያያል። ይመልስለታል፣ እሱም አጭር። ስሙን ይሆናል፣ ስሙን ነው፣ የባሏን ስም በከንፈሩ ታውቀዋለች። በል ይሂድ በቃ፣ ሰውዬው በቃው፣ ይሂድ። አይሄድም። እና ባሏ አፉን ይከፍታል፣ ይከፍታል አይዘጋም፣ ቢጫ እጆቹ ከብርድ ልብሱ ይወጣሉ፣ አየር ላይ መሪ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ ሴትዮዋ፣ መሪውን የለቀቀችውን ሴትዮ እየነገረው ነው፣ እሷን ጀመረ ማለት መውጫ የለም፣ ከነመንገዱ ከነምሰሶው ነው የሚነግረው፣ ምን ነክቶት ነው፣ ለሱ ይነገራል እንዴ፣ ሰውዬው ሰዓቱን ያያል፣ አየ፣ ይኸው ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ከጎረቤት አልጋ ወንበር ይስባል፣ ይቀመጣል።

ነገ ግን ነገ ነው። ጉበቷም ያችው ጉበት ናት፣ ወንበር ስለሳበላት አትድንም፣ ተናዶ ይሁን አዝኖ ይሁን ጀርባው አይናገርም፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ ይንቀጠቀጡ አይንቀጠቀጡ ከዚህ አይታይም። ብርድ ልብሱን ታያለች። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እግሩ አላረፈም፣ ከበፊቱም ብሷል እንጂ፣ እየረገጠ ነው የሚያወራው፣ ፈርቶ ያወራል፣ ፈራሁ እያለውም ይሆናል፣ እጁን ወደ እግሩ ይጠቁማል፣ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ያን እግር ያየዋል፣ ረጅም ጊዜ ያየዋል። ትግባ ይሆን፣ ከገባች ያቆማል፣ እጇ በሩ ላይ ነው፣ ገፋ ብታደርገው ይከፈታል፣ አልገፋችውም፣ ለምን አልገፋሁትም ብላ ቁልቁል ስታይ ቀኝ እግሯ ሲሚንቶውን ጥርቅም አድርጎ ረግጦታል።